ጡሩምባው ዝም ያለበት ፎቶ

ሚጢጢ የሚለው ስም የወጣላት በሰባት ወሯ ተወልዳ በመዳፍ የምትያዝ ስለነበረች ነው። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የክፍሏን በር ስታልፍ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። ቁመቷ አደገ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። እኛ የሥራ ባልደረቦቿም ከእህቷ አፍ ቀምተን ሚጢጢ እንላታለን።

የምንሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ጥራዝ ክፍል ነኝ፤ አጥፋለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እለጥፋለሁ። እሷ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ክፍል ናት። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያና የሰርግ መጥሪያ ትሠራለች፤ ዋና ሥራዋ ግን ፎቶ ማጽዳት ነው። ሰው ለመታወቂያ የተነሳውን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ብጉሩን ታጠፋለች፣ የተጣመመ ኮሌታውን ታቃናለች፣ ፊቱን መሀል ላይ ታስቀምጣለች። ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። ስትጠየቅ መጀመሪያ ጆሮዋ ይቀላል፣ ቀጥሎ አንገቷ፤ መልሱ የሚመጣው ሰዉ ሁሉ ወደ ሌላ ጉዳይ ካለፈ በኋላ ነው።

ስልኳ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። አምስት ሆነን የከፈትነው ግሩፕ አለን፤ እዚያ ውስጥ አንድ ፎቶ ላይ አንድ መስመር ጽፋ ስትለቅ ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። «ከየት ነው የምታመጪው?» ስላት «ፊት ለፊት ያላልኩት ሁሉ ተጠራቅሞ ነው» ትለኛለች።

ሥራ አስኪያጃችንን ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከኋላቸው ጡሩምባው ነው የምንላቸው። ማሽኖቹ ሁሉ እየሠሩ እሳቸው ከፎቅ ሲጣሩ ምድር ቤት ያለነው እንሰማለን። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁጣቸው ግን ያስፈራል፤ እሳቸው የተቆጡት ሰው የዚያን ቀን ምሳ አይበላም። ሚጢጢማ ደረጃው ላይ ድምፃቸውን ከሰማች መንገድ ቀይራ በጓሮ ትዞራለች።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። አራት ሺህ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ሊወጣ ሲል ስህተት ተገኘበት። ማሽኒስታችን ለሰባተኛው ወር የዛሬ አራት ዓመቱን ፕሌት፣ የማተሚያውን ሰሌዳ፣ ጭኖ ኖሯል። ስድስተኛው ወር ማክሰኞ ያልቅና ሰባተኛው ዓርብ ይጀምራል፤ መሀል ላይ ረቡዕና ሐሙስ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ሁላችንንም ማሽን ክፍል ሰበሰቡን። በግራ እጃቸው ቀን መቁጠሪያውን ከፍ አድርገው ይዘዋል፣ በቀኛቸው መነጽራቸውን። ማሽኒስቱ ከፊት ቆሟል፤ ላቡ ከጆሮው ኋላ ይንጠባጠባል። እኛ ትከሻችንን ሰብሰብ አድርገን መብረቁን መጠበቅ ያዝን።

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

እንደገና ሊጀምሩ መስለው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አሁንም ምንም። ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ግራ እጃቸው ወረቀቱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። መነጽራቸው ወደቀ። ለማንሳት እንኳ አላጎነበሱም። አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት እንጃ። ሚጢጢ ከኋላ ቆማ የተበላሸውን ገጽ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አውጥታ ነበርና፣ መነጽሩ እየወደቀ ሳለ ጣቷ ሳታስበው ማንሻውን ነካው። ከዚያ ጋሼ ዞር አሉ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ቀስ ብለው ወጡና ቢሯቸውን ዘጉ።

«ጉድ ፈላ!» አለ ማሽኒስቱ፣ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ። «ጡሩምባው ትንፋሽ አለቀበት!»

እንዴት እንደሳቅን! ከዱላ የተረፈ ሰው የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቅነው። ስህተቱ አስደንግጧቸው ነው አልን፤ ሌላ ነገር ያሰበ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶው ግሩፑ ውስጥ መጣ። ሚጢጢ በሙያዋ ማሽኑንም ሰዉንም ቆርጣ ጥላ፣ ፊታቸውንና ያቺን ከፍ ያለች ግራ እጅ ብቻ ነጭ ላይ አስቀምጣለች። ከላይ «ጸጉር አስተካካዩ ‹አይዞህ፣ ያድጋል› ሲለኝ» ይላል። እኔ ሙጫ በነካ እጄ አፌን ይዤ ሳቅሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ለቀቀች፤ «የጎረቤቴን ሐሜት ለራሷ ለጎረቤቴ መላኬን ሳይ»። ማክሰኞ «ሚስቴ ‹ምንም አልሆንኩም› ስትለኝ» መጣ፤ ቀጥሎ «‹አጭር መልእክት ልኬልሃለሁ› ብሎኝ ስከፍተው የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ሲሆን»። ከሁሉ ያሳቀን ግን «ለጉንፋን ብዬ ሄጄ ሐኪሙ ‹ከቤተሰብ አብሮህ የመጣ ሰው አለ?› ሲለኝ» የሚለው ነበር። ያ ፊት የማይሆንለት ነገር አልነበረም። የፈለግኸውን ጻፍበት፣ ልክክ ይላል።

«ከአምስታችን እንዳይወጣ» ብላን ነበር። እኔም «ኧረ በምን ዕዳዬ!» ብያለሁ። ምን ልደብቅ፣ በዚያው ቀን ለእህቴ ልጅ ላክሁት። ሌሎቹም ለየራሳቸው ሰው ልከው ኖሯል። ረቡዕ ከሰዓት የማናውቃቸው ሰዎች የራሳቸውን ጽሑፍ እየጻፉበት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስልክ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ወዲያው ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ደንበኛ መጥሪያ ካርዱን ሊወስድ መጣና ጋሼን ገና ሲያያቸው ሳቁ አመለጠው። «ይቅርታ፣ ግን... እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ስልኩን ዘረጋላቸው። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው አዩት። መለሱለት። ካርዱን በእጃቸው አስረከቡትና በር ድረስ ሸኙት። ከዚያ ወደ እኛ ወረዱ።

«ማን እንደሠራው አውቃለሁ» አሉ፣ ማሽኒስቱን እያዩ። «በስህተቱ ላይ ስድብ ጨመረበት። እስከ ሰኞ ጠዋት ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። አለበለዚያ ሁላችሁም ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ በአንድ ትገባላችሁ። ሠሪው ከሥራ ይሰናበታል፤ ጉዳዩም ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል።»

እንደ ልማዳቸው ቢጮኹ ይሻለን ነበር። ቃሉን አንድ በአንድ፣ እየመረጡ ነበር የሚናገሩት። ከሁሉም ያስፈራን ይኸው ነው፤ ጡሩምባው ዝቅ ብሎ ሲያወራ ሰምተን አናውቅም።

ሚጢጢን የዚያን ዕለት ያያት ሰው ሠሪዋን ለማወቅ ስልክ መፈተሽ አያስፈልገውም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇ ከማውሱ ላይ ይነሳል። ውሃ ስትጠጣ ጥርሷ ከብርጭቆው ጋር ይጋጫል። ፎቶውን ከስልኳ አጠፋችው፤ ከዚያ መጥፋቱ ራሱ እንዳያስጠረጥራት ፈራች። መጸዳጃ ቤት ድረስ ተከትላኝ ገብታ በሩን ዘግታ «የጠፋም ቢሆን ይገኛል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኳት። ፊቷን ላለማየት እጄን መታጠብ ያዝኩ፤ ማን እንዳወጣው ታውቃላችሁና።

ማሽኒስቱ፣ ከግሩፑ አምስታችን አንዱ፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀት የሚወስድ መስሎ ወደ ክፍሏ ወጣ። «እኔ ስምሽን አላነሳም» አላት። «እስከ መጨረሻው አላነሳም። ግን እኔ ላይ ነው የተደፈደፈው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አንቺ ራስሽ አስቢበት።» እንዲያው ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ እናታቸው ካረፉ ወዲህ ለሚጢጢ እናትም እህትም እሷ ናት። ማታ እራት ላይ «ምን ሆነሻል?» ብትላት «ራሴን አሞኛል» አለችና ተኛች።

ዓርብ ጠዋት የዓመቱን የሠራተኞች መታወቂያ እንድታዘጋጅ ታዘዘች። ፎቶዎቹ ባለፈው ወር የተነሱ ናቸው። አንድ በአንድ እየከፈተች፣ በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ መሀል ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር እየሳበች፣ ፊቱን በመስመሯ ልክ ታስተካክላለች። የጋሼ ፎቶ ተራው ደረሰ። ከፈተችው። ፊታቸውን ስታይ ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ሰውየው ከስክሪኑ ውስጥ የሚያዩዋት መሰላት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ የዚያን ሰኞ ፎቶ ዋና ቅጂ፣ ያልተቆረጠው፣ አሁንም ፍላሽዋ ላይ አለ። ልታጠፋው ፍላሽዋን ሰካች።

ከማጥፋቷ በፊት ግን ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተከፍተው ታዩዋት።

ያቺ ቀጭን መስመር በመታወቂያው ፎቶ ላይ እንዳለች ነበረች። የአፋቸው ሁለቱ ጫፎች ከመስመሯ ግራና ቀኝ እኩል ናቸው። በእጅ ልማድ በሰኞውም ፊት ላይ መስመር ሳበች። የአፋቸው ቀኝ ጫፍ ወርዷል። በትንሹ አይደለም፣ የጣት ወርድ ያህል ወርዷል። ጥላ ይሆናል ብላ አበራችው። ስልኩን ያዘመምኩት እኔ ነኝ ብላ ጆሮና ጆሮውን ለካች፤ ጆሮዎቹ እኩል ናቸው። ዓይኖቹም እኩል ናቸው። የቀኝ ጉንጫቸውና የአፋቸው ቀኝ ጫፍ ብቻ ነው ከላይ እንደተፈታ መጋረጃ የተንጠለጠለው።

ቀኝ እጃቸውን አየች። ለቀልዱ ስትል ቆርጣ የጣለችው እጅ ነው፤ አያስቅም ብላ። ጣቶቹ እንደ ባዶ ጓንት ተንጠልጥለዋል። መነጽሩ በጣቶቹና በወለሉ መሀል አየር ላይ አለ።

«መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ» ትላለች ዛሬ። «መቶ ጊዜ አጉልቼ፣ ዙሪያውን እየቆረጥኩ፣ ጸጉር በጸጉር አጽድቼዋለሁ። አልታየኝም። የሚያስቀውን ብቻ ነበር የማየው።»

ለእህቷ ደወለች። ሁለቱን ፎቶዎች ላከችላት። እህቷ ወዲያው መልሳ ደወለች፤ ድምጿ ቤት ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አለቃችን ናቸው።»

«ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር?»

«አልቻሉም። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ ለቀቃቸው።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!» እህቷ ጮኸች። «ስሚኝ። ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ለትንሽ ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት እንዲህ ያደርጋል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል። ሁለተኛው ከመጣ ግን ላይለቀው ይችላል። መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም። አሁኑኑ እኛ ጋ ይምጣ።»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ያንን ምስል የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ምስል?»

«‹አይዞህ፣ ያድጋል› የሚለውን።» ይህ ለእህቷ በቂ ነበር፤ እሷም ስልኳ ላይ ደርሷት ስቃበታለች።

«በማይታወቅ ቁጥር ደውዬ ብነግራቸውስ?» አለች ሚጢጢ።

«አንድ የማታውቂው ሰው ደውሎ ‹አንጎልሽ ታሟል› ቢልሽ ተነስተሽ ትሄጃለሽ? ሚጢጢ፣ ስለ ሥራሽ ኋላ እናለቅሳለን። አሁን ሂጂ።»

እኔ የተጠረዙ መጻሕፍት ናሙና ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ ሁለት የታተሙ ገጾች ይዛ ስታልፍ አየኋት። ፊቷ ከያዘችው ወረቀት አይለይም። ወደ ጋሼ ቢሮ መሆኑን ስረዳ «አንቺ፣ አብደሻል? ተመለሽ!» አልኳት። አልሰማችኝም። በሩን አንኳኩታ ሳትጠራ ገባች፤ ዘግታውም አልገባችም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

ሚጢጢ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልመጣም። ጆሮዋ ቀላ፣ አንገቷ ቀላ። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ጋሼ የራሳቸውን ፊት ሲያዩ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከዚያ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንቺ?» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንቺ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም። ጋሼ፣ ያባርሩኝ። ለፖሊስም ይስጡኝ። ግን መጀመሪያ አፍዎን ይዩ።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች። «ይሄ ያለፈው ወር ነው። ይሄ የሰኞው ነው። ይሄ ጫፍ ወርዷል። መነጽሩም ከቀኝ እጅዎ ነው የወደቀው። እህቴ ነርስ ናት፤ አሁኑኑ ይምጡ ብላለች።»

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። በዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቢቆጡ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ገጾች እያፈራረቁ ተመለከቱ።

«ቃሉ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። የምለውን አውቀዋለሁ፤ አፌ እንቢ አለ።» ቀኝ እጃቸውን አንስተው እንደ ሰው ዕቃ አዩት። «ለባለቤቴ ንዴት ነው አልኳት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሸሚዜን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። እርጅና ነው ብዬ...» አቋረጡና «ፈርቼ ነው» አሉ። «ለማንም ያልነገርኩት ፈርቼ ነው።»

ያ ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከደረጃው ሲወርዱ የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው ነበር፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱትና የዕቃ ማመላለሻዋን መኪና የሚነዳልን ማን እንዳለ ጠየቁ። ሾፌሩ ዕቃ ለማድረስ ወጥቷል። ሁለተኛዋን መኪና መንዳት የሚችለው ማሽኒስቱ ብቻ ነው። ጋሼ አዩት፣ እሱም አያቸው። «አምጣት» አሉት። ሦስቱም ከፊት ተሳፈሩ፤ እሱ መሪው ላይ፣ ሚጢጢ መሀል፣ ጋሼ በር በኩል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ማሽኒስቱ ነው፤ እሷ ስለዚያ መንገድ አታወራም። እህቷ በስልክ «አናግሪው፤ አፉን እያየሽ አናግሪው። ቃል ከጠፋበት ሰዓቱን ያዢ» ብላታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ጠይቃቸው የማታውቅ ሴት አሁን ማናገር ሊኖርባት ነው። ምን ትበላቸው? አፏ ላይ የመጣው የሥራችን ነገር ነው።

«ጋሼ፣ የወረቀት ዓይነቶቹን ይንገሩኝ። ከስሱ ይጀምሩ።»

«ልትፈትኚኝ ነው?»

«እባክዎ።»

«ስልሳ ግራም» አሉ ጋሼ። «ሰባ ግራም። ሰማንያ። መቶ።» መኪናዋ የትራፊክ መብራት ጋ ቆመች። «መቶ አሥራ አምስት፣ እሱ የሚያብረቀርቀው ነው። መቶ ሠላሳ አምስት። መቶ...»

ቆሙ።

ሚጢጢ ቀና ብላ ስታይ ያ ፊት ነበር። ዓይን ፈጦ፣ አፍ ተከፍቶ፣ ጫፉ ወደ ታች ወርዶ። ጸጉር በጸጉር የምታውቀው ፊት፣ ከላዩ ጽሑፍ የሌለበት፣ ትንፋሹ የሚነካት። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራቶ በሩ ሥር ወደቀ።

ማሽኒስቱ እንደሚለው አልጮኸችም። የመኪናዋን ሰዓት አየች፣ «አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት» አለች፤ ከዚያ «ንዳው!» አለች። ቀዩን መብራት ጥሶ ሄደ። እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሳም። እሷ የጋሼን ራስ በትከሻዋ ደግፋ «መቶ ሃምሳ፣ ጋሼ። መቶ ሰባ። ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ» እያለች እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ቆጠረችላቸው። ጋሼ የሚሰሙ ይመስላሉ፤ ዓይናቸው ከአፏ ላይ አልተነሳም። አንድ ቃል ግን አልመጣላቸውም።

እህቷ አልጋ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ሐኪሙ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?»

«አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና አልጋውን እየገፉ ሮጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን አይሰጥም፤ መቼ እንደጀመረው ካልታወቀም ሐኪም ለመስጠት ይፈራል። ይህን እህቷ ነች ኋላ ያስረዳችን።

እኔ ስደርስ ሚጢጢ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። እጇን ብይዘው በረዶ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጋሼ ባለቤት መጡ፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ፣ አንዱን ጆሮ ጌጥ ረስተው። ማሽኒስቱ ተነስቶ የሆነውን ነገራቸው። ከዚያ ሚጢጢ ቆመች። እነዚያ ደቂቃዎች ከቢሮው የባሱ ነበሩ ትላለች።

«እሜቴ፣ ያንን ምስል የሠራሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ሴትየዋ አዩዋት። ሊመቷት ነው ብዬ ብድግ አልኩ።

«ልጄ ልኮልኝ ነበር» አሉ። «ረቡዕ ዕለት። ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሰው፣ አፉ ተጣሞ እያየሁ ‹አባታችሁን ጉድ ሠሩት› ብዬ ሳቅሁ።» አግዳሚው ላይ ዝርግት ብለው ተቀመጡ። «አንቺስ አየሽው። እኔ ምን ሆኜ ነው ያላየሁት?»

አራታችንም ያንን የተዘጋ በር እያየን ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም አንድ ላይ እንነሳለን፣ አንድ ላይ እንቀመጣለን። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ወጣች፤ ለእሷም ተነሳን።

ጋሼ ተረፉ። በሁለተኛው ቀን «ውሃ» አሉ፤ በሦስተኛው የባለቤታቸውን ስም። የአንገታቸው ደም ሥር ጠቦ ስለተገኘ ቆይተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ወደ ሥራ የተመለሱት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ከብዕር ሌላ ነገር ለመያዝ ይደክማል። የመጀመሪያ ሥራቸው ሁለት ደብዳቤ መፈረም ነበር። ለማሽኒስቱ ስለ ፕሌቱ ማስጠንቀቂያ፣ ለሚጢጢ ስለ ምስሉ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ስለ ፖሊስ አላነሱም፣ ስለ ምስጋናም አላነሱም። «ተቀበዪና ፈርሚ» አሏት፤ ፈረመች። እኔ ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ለእህቴ ልጅ መላኬን የተናገርኩት ለሚጢጢ ብቻ ነው፤ እሷም «አውቄ ነበር» አለችኝ።

አሁንም ሲናገሩ ድንገት ያቆማሉ። ያን ጊዜ ጥራዝ ክፍሉ ፀጥ ይላል፣ መቁረጫው ይቆማል፣ ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ቃሉ ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ትንፋሽ የሚወስድ የለም። ሲያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ደስ ይለናል።

ፎቶው ግን አልተመለሰም። የእህቴን ልጅ አጥፊው ብላት «አክስቴ፣ ይሄማ ዓለምን ዞሯል» አለችኝ። ሚጢጢ ባየችበት ቦታ ሁሉ፣ ከሥሩ «እኚህ ሰው በዚያ ሰዓት በጠና ታመው ነበር፤ እባካችሁ አትሳቁ» እያለች መጻፍ ጀመረች። ሰው በዚያም ሳቀ። አንዱ የእሷኑ ጽሑፍ አንስቶ ፊታቸው ላይ ለጠፈና እሱም ዞረ። ሳታቋርጥ ጻፈች፤ ምልክቶቹንም ጨመረችበት፤ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ቃል ሲጠፋ ሰዓቱን አይታችሁ ሩጡ እያለች።

ከዕለታት አንድ ቀን የሳቅ ምልክቶቹ መሀል ከማታውቀው ሰው አንድ መስመር መጣላት። «አባቴ አሁን ልክ እንደዚህ ሆኖብኛል፤ እየቀለድኩ አይደለም።» ወዲያው መለሰች፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰደው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረው ጻፍ፣ ስትደርስ መጀመሪያ እሱን ንገራቸው። መልእክቱ መነበቡን አየች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ ጻፈችለት፣ አልመለሰም። ይኸው አምስተኛ ወሯ ነው፤ ጠዋት ኮምፒውተሯን ሳትከፍት በፊት ስልኳን ከፍታ ያንን መስመር ታያለች።